ለክፉ ቀን የሚሆን መኪና እንዴት ይመረጣል?

የፈንታሌ ርዕደ መሬት በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ካወዛወዘ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል። "አንድ ነገር ቢመጣ ቤተሰቤን ይዤ የምወጣበት መኪና የቱ ይሻላል?" ጠያቂው የሚጠብቀው የሞዴል ስም ነው። ቪ8? ሃይሉክስ? ወይስ ኤሌክትሪክ? እኔ ግን መልሼ እጠይቃለሁ። ወዴት ነው የምትሄዱት? ስንት ሆናችሁ? ይህ ሳይመለስ የተገዛ መኪና፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፣ በዚያ ቀን ደጃፍ ላይ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ለሁሉም አንድ ጊዜ ልጻፈው። ምሳሌዎቼን የወሰድኩት ከአዲስ አበባ ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁ የመንገዱን ስምና ርቀቱን ብቻ ቀይሩ። አሁን ያላችሁን መኪና ለመፈተሽም ይሠራል። እንዲያውም ብዙዎቻችሁ አዲስ መኪና ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ለምርጫው የሚያስፈልጓችሁ

- ወረቀትና እስክሪብቶ
- የመንገድ ካርታ (ኔትወርክ ሲጠፋ ስለሚያስፈልግ ስልክ ላይ የወረደ ወይም የታተመ)
- የባትሪ መለኪያ፣ ትንሿ የኤሌክትሪሻን መለኪያ ትበቃለች
- የእጅ ባትሪ
- የምታምኑት መካኒክ፣ ለግማሽ ቀን

መኪናው ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀመጡ

- ነፋስ ያለው ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ
- ከክሪክ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ
- የጎማ መንፊያ ፓምፕና የጎማ ነፋስ መለኪያ
- የባትሪ ማስነሻ ኬብልና መጎተቻ ገመድ
- ትርፍ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)፣ ፊውዝ፣ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት
- ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 3 ሊትር የመጠጥ ውኃ፣ ለሁለት ቀን
- ሳይበስል የሚበላ ምግብ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ
- ብርድ ልብስ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ፣ የሚወሰድ መድኃኒት
- አካፋ
- ጥሬ ገንዘብ፣ የሊብሬና የመታወቂያ ቅጂ

1. ከምን እንደምትሸሹ ጻፉ

እያንዳንዱ አደጋ የሚፈልገው መኪና ይለያያል። አንዳንዱ ጭራሽ መኪና አይፈልግም።

የመሬት መንቀጥቀጥ ከሆነ፣ መሬቱ እየተናጠ ወደ መኪና መሮጥ አያድንም። መኪናው የሚጠቅማችሁ በኋላ ነው፤ ማደሪያ፣ መብራትና ስልክ መሙያ ሆኖ። ስለዚህ ከሞዴሉ ይልቅ የቆመበት ቦታ ይበልጣል። ከፎቅ ሥር ባለ ምድር ቤት ውስጥ የቆመ መኪና፣ መብራት ሲጠፋ በሩ አልከፈት ሊል ይችላል። ሕንፃው ከተሰነጠቀ ደግሞ ልታወጡት አትገቡም። የምትኖሩት አፓርታማ ከሆነ በአቅራቢያ ገላጣ ማቆሚያ ፈልጉ።

ድንገተኛ ጎርፍ ከሆነ፣ መዳኛው ከፍታ እንጂ ፍጥነት አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲገድል፣ ብዙዎች የነበሩት አልጋቸው ላይ ነበር። የምትኖሩት ወንዝ ዳር ከሆነ በእግር የምትወጡበትን ዳገት አስቀድማችሁ እወቁ።

ግጭት ወይም የመንገድ መዘጋት ከሆነ፣ ወሳኙ ነገር ቀድሞ መውጣት ነው። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ የትኛውም መኪና አይረዳም።

የነዳጅ መጥፋት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣ አደጋ ነው። በሰሜኑ ጦርነት መቀሌ ነዳጅ ሲያልቅባት ሰው ወደ ፈረስ ጋሪና ብስክሌት ነው የተመለሰው። ለዚህ ዓይነቱ ቀን ጥሩ ብስክሌት ከነፓምፑና ከነመለጠፊያው ቤት ውስጥ ቢኖር ቀላል ነገር አይደለም።

2. መድረሻችሁንና መንገዱን ለዩ

ተቀብሎ የሚያሳድራችሁ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያለባቸውን ሁለት ቦታዎች ምረጡ፤ በተለያየ አቅጣጫ። ከአዲስ አበባ የሚያስወጡት ዋና በሮች የታወቁ ናቸው። በደብረ ዘይትና በሞጆ ወደ አዳማ፣ በሰንዳፋ ወደ ደብረ ብርሃን፣ በሱሉልታ ወደ ጎጃም፣ በሆለታ ወደ አምቦ፣ በሰበታ ወደ ጅማ። ሁለቱ መድረሻዎቻችሁ በአንድ በር የሚወጡ ከሆነ ሁለት ምርጫ አላችሁ ማለት አይደለም።

ይህን የማስቀድመው መኪናውን የሚመርጠው መንገዱ ስለሆነ ነው። እስከ በሩ አስፋልት ከሆነ ትንሽ የቤት መኪና ይበቃል። የመጨረሻዎቹ አምስት ኪሎ ሜትሮች ዋልካ አፈር ከሆኑ ግን በክረምት ነገሩ ይለወጣል። ዋልካ ሲረጥብ የጎማውን ጥርስ ይሞላዋል፣ ጎማውም እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። እዚያ ላይ ከፍ ያለ መኪናና ጭቃ የሚቆርጥ ጎማ ያስፈልጋችኋል። ወይም ደግሞ መኪናውን አስፋልቱ ዳር ለማን አደራ ሰጥታችሁ በእግር እንደምትገቡ አስቀድማችሁ ወስኑ።

3. ሰውና ዕቃ መዝኑ

ሁሉም ሰው የመቀመጫ ቁጥር ይቆጥራል፤ ኪሎ የሚቆጥር የለም። ብዙ ትናንሽ መኪኖች ሰውን ጨምሮ የሚችሉት ከ400 እስከ 450 ኪሎ አካባቢ ነው። አምስት ሰው በአማካይ 60 ኪሎ ቢሆን 300 ኪሎ ነው። ለሁለት ቀን 30 ሊትር ውኃ 30 ኪሎ፣ ምግብና ብርድ ልብስ 40 ኪሎ፣ መፍቻና መሣሪያ 20 ኪሎ። 390 ሆነ። አንድ ዘመድ መንገድ ላይ ከጫናችሁ 450 ደረሰ፤ ጫፉን ነካችሁ። ከአቅም በላይ የተጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይግላል፣ ጎማውም ይፈነዳል።

ቀጥሎ ሰዎቹን እውነተኛ መኪና ላይ አሳፍሩ። አንድ ወዳጄ ለእናቱ ብሎ ረጅም ላንድክሩዘር ሊገዛ ተስማምቶ ነበር። ከመፈራረሙ በፊት እናቱን ይዟቸው ሄደ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። ደረጃው ላይ አንድ እግራቸውን አነሱ፣ እጀታውን ያዙ፣ ከዚያ ቀጥ አሉ። ሁለት ሰው ከኋላ ደግፎ ነው ያስገባቸው። ያንን በጨለማ፣ በሩጫ አስቡት። ዝቅ ያለ መኪና ገዛ።

4. ነዳጁን አስሉ

ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ሪታ የተባለው አውሎ ነፋስ ሂዩስተንን ሲያስፈራራ፣ ከአካባቢው ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ወጣ። መንገዱ ታጨቀ። ሰው ለሰዓታት ሞተር እንዳስነሳ ቆመ፤ በርካታ መኪኖች ነዳጃቸው አልቆ መንገድ ዳር ቀሩ። ብዙ ሕይወት የጠፋው አውሎ ነፋሱ ሳይደርስ፣ እዚያው መንገዱ ላይ ነው። እነዚያ መኪኖች ጉልበት አልጎደላቸውም።

ስለዚህ እንዲህ አስሉ፦ ርቀቱን መኪናው በአንድ ሊትር ለሚሄደው ኪሎ ሜትር አካፍሉ፣ ከዚያ በ1.5 አባዙ። ግማሹ ጭማሪ ለመጨናነቅና ለመዞሪያ መንገድ ነው።

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቪትዝ በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ይሂድ እንበል። 18 ሊትር ከምናምን ይወጣል። በ1.5 ሲባዛ 27.5። የቪትዝ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንከር) 42 ሊትር ስለሆነ፣ የእናንተ "ባዶ" ከሁለት ሦስተኛው ይጀምራል። "ከግማሽ በታች አታውርዱ" የሚለው የተለመደ ምክር ለዚህ መኪናና ለዚህ መንገድ አይበቃም። የ79ኙ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ደግሞ 130 ሊትር ይይዛል። በሊትር 8 ቢሄድ እንኳ ለዚሁ መንገድ 52 ሊትር ይበቃዋል፤ ይህም ከግማሽ በታች ነው። የራሳችሁን መስመር አስሉና ዳሽቦርዱ ላይ በትንሽ ፕላስተር ምልክት አድርጉ። ቀስቱ ምልክቱን ሲነካ ትቀዳላችሁ፤ ነገ አይባልም።

ነዳጅ የሚከፈለው በቴሌብርና በመሳሰለው መሆኑንም አትርሱ። ኔትወርክ ሲጠፋ ማደያው ነዳጅ ኖሮትም ላይቀዳላችሁ ይችላል።

*ቤንዚን ወይስ ናፍጣ?* ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ሲቀመጥም ይቆያል። የቤንዚን መኪና ግን ዋጋው ይቀላል፣ መካኒኩም በየሰፈሩ አለ። በአካባቢያችሁ ሲጠፋ ቀድሞ የሚጠፋው የትኛው እንደሆነ የታክሲና የጭነት መኪና ሹፌሮችን ጠይቁ፤ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

*ኤሌክትሪክ መኪናስ?* የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ኤሌክትሪክ መኪና የነዳጅ ሰልፍ አያውቅም፣ የሚበላሽ ዕቃውም ጥቂት ነው። አንዳንዶቹ ሞዴሎች ለቤት መብራት ይሰጣሉ፤ ይህ በመከራ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ወረቀቱ ላይ 400 ኪሎ ሜትር የሚል መኪና ሙሉ ሰው ጭኖ በፍጥነት ሲሄድና ዳገት ሲበዛበት ያን ያህል አይሄድም፤ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ቁጠሩ። ሁለተኛ፣ ከተራ ሶኬት በሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ነው የሚገባው። 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከ20 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መብራት ከሄደ በኋላ ልሙላ ማለት አይቻልም። ሁልጊዜ ከ80 በመቶ ሳይወርድ አሳድሩት። መድረሻችሁ በዚህ ስሌት ውስጥ ከገባ ኤሌክትሪክ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ካልገባ ለከተማ ተጠቀሙበትና ለመውጫ ሌላ አስቡ።

5. ዓይነቱን ምረጡ

አሁን ወደ ሞዴል መጣን። መመዘኛዬ አንድ ነው፦ መድረሻችሁ ያለው ትንሽ ከተማ ጋራዥ ይህን መኪና ፈትቶ ያውቃል ወይ? ሄዳችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ዕቃው ሞልቶ የፈሰሰ መኪና፣ እንደ ቶዮታ፣ ብርቅ ከሆነ ዘመናዊ መኪና ይበልጥባችኋል።

- አስፋልት፣ እስከ አምስት ሰው፦ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ። ነዳጅ ይቆጥባሉ፣ ዓይን ውስጥ አይገቡም። ሆዳቸው ለመሬት ቅርብ ስለሆነ ለተቦረቦረ መንገድ አይሆኑም።
- ብዙ ቤተሰብ፦ ሃይየስ ሚኒባስ። አያትም ልጅም አንድ ላይ ይሄዳል። ቤተሰብን በሁለት መኪና ከመከፋፈል ይህ ይሻላል፤ ኬላ ላይ አንዱ አልፎ አንዱ ሊቀር ይችላልና።
- ጥርጊያና ጭቃ፦ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና። ሰውም ዕቃም ይጭናል።
- ሩቅና አስቸጋሪ መንገድ፦ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር። 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የናፍጣ ሞተር ቱርቦ የለውም፣ ፓምፑም ሜካኒካል ነው፤ ገጠር ያለ መካኒክ ይጠግነዋል። ዋጋው ግን የቤት ዋጋ ነው። ቤት ሸጣችሁ እንድትገዙት አልመክርም።
- ሞተር ሳይክል፦ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው፣ መንገድ ሲጨናነቅ የሚያልፍ እሱ ነው። ሕፃን ላለው ቤተሰብ አይሆንም።

ከፍታንም አስቡ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ሩብ ያህሉ ሄዷል ማለት ነው። አነስተኛ ሞተር ከሆነ ሙሉ ቤተሰብ ጭናችሁ እንጦጦን ውጡና ሞክሩት። የሙቀት መለኪያው ከመሀል ካለፈ ያ መኪና ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ወይም ራዲያተሩ መታየት አለበት።

6. ከመግዛታችሁ በፊት መርምሩ

የምታገኙት የነዳጅ መኪና በአብዛኛው ያገለገለ ስለሚሆን ይህን ደረጃ አትዝለሉ።

ሻጩን "ሞተሩን ሳታስነሳ ጠብቀኝ" በሉት። በጠዋት፣ ቀዝቃዛ ሆኖ መነሳት አለበት። አሙቆ የጠበቃችሁ ሻጭ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ሲነሳ ጭሱን እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ሆኖ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በሥርዓት አይቃጠልም።

ባትሪውን ለኩ። አድሮ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ጤነኛ ነው። 12.2 ግማሽ ነው። ስታስነሱ ከ10 በታች የሚወርድ ባትሪ እየደከመ ነው።

ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከስድስት ዓመት ያለፈውን ጎሚስታ አስመርምሩ፤ ከአሥር ዓመት ያለፈው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይቀየር። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል።

ስኮርታውን ደግሞ *አውርዱት*። አለ ብሎ ማየት አይበቃም። አንድ ጎረቤቴ በመንቀጥቀጡ ሰሞን ዘመዶቹን ሊያወጣ በሃይሉክስ ሄዶ መተሐራ አካባቢ ጎማ ፈነዳበት። ስኮርታው ከጭነቱ ሥር በሰንሰለት ተሰቅሏል። ማውረጃው ዘንግ መኪናው ውስጥ የለም። ዘንግ ከሌላ መኪና ለምኖ ቢያመጣም ሰንሰለቱ ዝጎ አልዞር አለ። ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመ። ነፋስ ያለው ደህና ጎማ ከበላዩ ተሰቅሎ እያየው።

ቺንጋውን፣ ፍሬኑን፣ የፍሪሲዮኑን መንሸራተት ለመካኒኩ ተዉለት። የፊትና የኋላ ጎማ አንድ ላይ የሚነዳ ከሆነ ግን ማርሹ እውነት እንደሚገባ ለስላሳ መሬት ላይ ራሳችሁ ሞክሩ። ሊብሬውና ቦሎው የተስተካከለ ይሁን። ቦሎው ያለፈበት መኪና ኬላ ላይ የሚያስቆማችሁ በማይሆን ቀን ነው።

7. አዘጋጁትና ዝግጁ አድርጋችሁ አቁሙት

አፍንጫው ወደ መውጫው ዞሮ ይደር። በሳምንት አንድ ጊዜ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ንዱት፤ ቆሞ የከረመ መኪና ባትሪው ይሞታል።

ትርፍ ነዳጅ ለመያዝ ካሰባችሁ፣ በጄሪካን መቅዳት የሚከለከልበት ጊዜና ቦታ ስላለ ደንቡን ጠይቁ። ከተፈቀደ ለነዳጅ የተሠራ መያዣ ተጠቀሙ። ስትቀዱ መሬት ላይ አስቀምጡት፣ እስከ አፉ አትሙሉት። ቤንዚን በየሦስት ወሩ ወደ መኪናው ገልብጣችሁ በአዲስ ተኩ።

ማስጠንቀቂያ

- ወደሚፈስ ውኃ አትግቡ። 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል፣ ላንድክሩዘርንም ጭምር። ከሥር መንገዱ ይኑር አይኑር አይታይም።
- ቤንዚን ሰው ባለበት ጋቢና ውስጥ አትጫኑ። ትነቱ ራስ ያዞራል፣ በአንድ ብልጭታም ይነዳል።
- በተዘጋ ቦታ ሞተር አስነስታችሁ አትተኙ። የጭሱ መርዝ አይሸትም፤ እንቅልፍ ውስጥ ይገድላል።
- የጋለ ራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።
- የኤሌክትሪክ ሽቦ መኪናው ላይ ከወደቀ አትውረዱ። ውስጥ ሆናችሁ እርዳታ ጥሩ።
- ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥታችሁ አትንከባለሉ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ስትወርዱ ለነዳጅ ቁጠባ ብሎ ዜሮ የሚያደርግ ሹፌር አለ። ፍሬኑ ይግልና ይክዳል። በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት ያዙት።
- ጎርፍ የገባበትን ኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ አታድርጉ። ባለሙያ እስኪያየው ከቤት ርቆ ይቁም።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ጣሪያ ላይ መከመር አንዱ ነው። የአብዛኛው የቤት መኪና ጣሪያ ከ75 እስከ 100 ኪሎ ቢችል ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ኩርባ ላይ ይገለብጣችኋል። ከባዱን ታች፣ ቀላሉን ላይ አድርጉ።

ሌላው መኪናውን የወታደር ማስመሰል ነው። አረንጓዴ ቀለም፣ ጥቁር መስታወት፣ ከፊት የብረት አጥር። በሰላም ጊዜ ያምራል ይሆናል። ኬላ ላይ ግን የሚጠብቃችሁ ጥርጣሬ ነው። ነጭ ወይም ብርማ ተራ መኪና፣ ውስጡ የሚታይ፣ ይሻላል። ኬላ ስትደርሱ ፍጥነት ቀንሱ፣ ሌሊት ከሆነ የውስጥ መብራቱን አብሩ፣ እጃችሁ ይታይ።

ሦስተኛው፣ መንዳት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ። እሱ ቢታመም ወይም ሥራ ላይ ቢሆንስ? መኪናው ማንዋል ከሆነ ሁለተኛው ነጂ ማንዋል መቻል አለበት።

8. ተለማመዱ

አንድ ቅዳሜ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ቤተሰቡን ጥሩ። ሰዓት ያዙ። ሰውና ዕቃ ተጭኖ ሞተር እስኪነሳ ስንት ደቂቃ ፈጀ? የመጀመሪያው ሙከራ አርባ ደቂቃ ቢፈጅ አትደንግጡ። የጠፋውን ነገር ጻፉ፣ ቦታ ስጡት፣ በወሩ ድገሙት። ወደ አሥራ አምስት ደቂቃ ከወረደ ጥሩ ነው።

በዚያው ሳምንት እያንዳንዱ አዋቂ በገዛ እጁ አንድ ጎማ ፈትቶ ይግጠም። ብሎኑ ጋራዥ በማሽን ስለተጠበቀ በእጅ አልፈታ የሚል ብዙ ነው፤ ረጅም እጀታ ያለው መፍቻ እንደሚያስፈልጋችሁ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

ከዚያ ሁለተኛውን መንገድ አንድ ጊዜ እስከ መድረሻው ንዱት፤ ማደያውን፣ ጎሚስታውን፣ ድልድዩን እያያችሁ። ስትመለሱ ሰልባትዮውን ሙሉና ትርፍ ቁልፉን ሁሉም ሰው በጨለማ ዳስሶ የሚያገኘው ምስማር ላይ ስቀሉት።